ስለ ረዥም መንገድ ነጂ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ወደ ወልዲያ የሚያልፍ የካሚዮን ነጂ፥ ሌሊቱን ሳይተኛ መንዳቱን እንደ ጀግንነት ሲያወራ መስማት የተለመደ ነው። እንዲህ ለሚያወራ ሰው የፈረንሳዊውን የፒየር ሌቬግን ታሪክ መንገር ይገባል።

በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 የተጀመረ፥ 24 ሰዓት ሙሉ ሌትና ቀን የሚደረግ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም አለ። ነጂዎች ተፈራርቀው ይነዱበታል። ሌቬግ ግን በ1952 መሪውን ለባልደረባው አልሰጥም ብሎ 23 ሰዓት ያህል ብቻውን ነዳ። ከሁሉ ቀድሞ ሳለ፥ ጊዜው ሊፈጸም አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፥ የታልቦ መኪናው ሞተር ተሰበረ፤ ድሉንም ከኋላ የነበሩት መርሴዲሶች ወሰዱት። ደክሞት ማርሽ ስቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ሞተሩ አስቀድሞ ታውኮ ነበር የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ ሊተካው የሚችል ሰው ዐርፎ ይጠብቀው ነበር። በ1955 በዚያው ስፍራ በደረሰው አደጋ እርሱና ከ80 የሚበልጡ ተመልካቾች ሞቱ፤ ያ ግን እሽቅድምድሙ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላው የሆነ ስለ ሆነ በእንቅልፍ አይመካኝም።

ዛሬ በለ ማን አንድ ነጂ ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ በደንብ ተከልክሏል። የዴንማርኩ ቶም ክሪስተንሰን ከ1997 እስከ 2013 ድረስ 9 ጊዜ ሲያሸንፍ፥ ዘጠኙንም ጊዜ ከሁለት ባልደረቦች ጋር እየተፈራረቀ ነው።

በእኛ ካሚዮን ላይ ከነጂው አጠገብ የሚቀመጠው ረዳት ብዙ ጊዜ የመንጃ ፈቃድ የለውም። ባለንብረቱ ሁለተኛ ነጂ መቅጠር ቢከብደው፥ ነጂው በሐይቅ ከተማ ቆሞ የሚተኛበትን ሰዓት እንደ ስንፍና ባይቆጥርበት ምን ይጎዳዋል?