የሐሳዊ ጊንጦች ወገንና አኗኗር

ከሥነ ፍጥረት ረቂቃን መካከል፣ በሁለት ጉጠቶቿ ጊንጥን የምትመስል ነገር ግን ጅራትም መንደፊያም የሌላት፣ ርዝመቷም ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ፣ ሐሳዊ ጊንጥ የምትባል የሸረሪት ዘመድ አለች። በአሮጌ መጻሕፍት ገጾች መካከል የምትገኘው የዚህች ወገን፣ ለሰው አንዳች ጉዳት ሳታደርስ ሙጫና ሻጋታ የሚበሉትን ጥቃቅን ተባዮች እያደነች ስለምትኖር፣ ባዩዋት ጊዜ በጣት ከመደምሰስ ይልቅ በትዕግሥት ሊመለከቷት ይገባል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በመስከረም ወር አንድ ቀን ሲያነብ በመጽሐፉ ላይ ቀስ ብላ ስትሄድ ያያትን እንዲህ ያለች ፍጥረት፣ በ1665 እ.ኤ.አ. በታተመው ድርሳኑ ገልጦ ጽፏታል።

ይሁንና በመጻሕፍት መካከል የምትኖረው ከብዙዎቹ አንዲቱ ብቻ ናት፤ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ዘሮች ከ3,500 ይበልጣሉና። ከዛፍ ቅርፊት ሥር፣ በወደቀ ቅጠል ውስጥ፣ በአፍሪካም በንብ ቀፎ ውስጥ የሚኖሩ አሉ፤ በጨለማ ዋሻ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ዓይን ስለሌላቸው፣ በጉጠታቸው ላይ በበቀሉት ረጃጅም ስስ ፀጉሮች የአየሩን እንቅስቃሴ እየለዩ ያድናሉ። የብዙዎቹ መርዝ ያለው በጉጠታቸው ጣት ውስጥ ነው፤ ሐርንም ሸረሪት በኋላዋ ስትፈትል እነርሱ በመንጋጋቸው ፈትለው፣ ቆዳቸውን የሚለውጡበትን ጎጆ ይሠሩበታል። በኒውዮርክ ግዛት በጊልቦዋ የተገኘው ቅሪታቸው 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ መልኩ ከዛሬዎቹ ብዙም አይርቅም።

ክንፍ ባይኖራቸውም ሩቅ አገር ይደርሳሉ። በማዕከላዊና በደቡብ አሜሪካ ደን በበሰበሰ ግንድ ውስጥ የሚኖሩት፣ ግንዱ ሲያልቅባቸው ሐርለኪን በተባለው ትልቅ ጥንዚዛ ክንፍ ሥር ገብተው ወደ ሌላ ግንድ ይሻገራሉ፤ በመንገድም ኃይለኞቹ ወንዶች የጥንዚዛውን ጀርባ እንደ ርስት ይዘው፣ ተቀናቃኞቻቸውን እያባረሩ፣ አብረው ከተሳፈሩት እንስቶች ጋር ይገናኛሉ።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የእናትነታቸው ግብር ነው። እናቲቱ ፅንሶቿን ከሆዷ በታች በተንጠለጠለ ከረጢት ይዛ፣ ከራሷ አካል በሚመነጭ ፈሳሽ ትመግባቸዋለች። በብራዚል ከቅርፊት ሥር በማኅበር እየኖሩ፣ በአካል እጅግ የሚበልጣቸውን ነፍሳት በኅብረት ከሚያድኑት መካከል ደግሞ፣ ምግብ በታጣ ጊዜ ከጎጆዋ ወጥታ ጉጠቶቿን ወደ ላይ አንሥታ የምትቆም እናት ታይታለች፤ ልጆቿ ከበው ሲበሏትም አትከላከልም። ይህን የመረመሩት ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ልጆቹ በረኀብ እርስ በርሳቸው እንዳይበላሉ የሚያደርጋቸው ይኸው ሥጋዋ ነው።