ዓሣው ከልክ በላይ ሲበላ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ካፌ ስትገቡ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ታያላችሁ። የወጣ የገባው ሁሉ ዳቦ ይፈረፍርለታል። አዝነንለት ነው፤ ግን እየጎዳነው ነው።

ጎልድፊሽ በዝዋይና በቆቃ ሐይቅ ያለው የካርፕ ዘመድ ነው። እንደኛ ጨጓራ የለውም፣ የዋጠው በቀጥታ አንጀቱ ይገባል። የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ሲበዛበት ሆዱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ተንጋሎ ይንሳፈፋል። የተረፈው ምግብ ደግሞ ይበሰብስና አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ያኔ አንዱ ብቻ ሳይሆን ገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሊሞቱ ይችላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ለ1 ወይም ለ2 ቀን ምንም አትስጡት። አትፍሩ፣ በዚህ አይሞትም።

2. የተረፈውን ምግብ አውጡ፤ የውሃውን ሩብ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው መጀመሪያ በባልዲ ክፍቱን ይደር።

3. ከዚያ ያለ ጨው የተቀቀለ አተር ልጣችሁ፣ ትንሽ ብቻ ስጡት።

4. ከዚያ በኋላ በ2 ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ይበቃዋል። የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን፤ ገንዳው ላይም «ዛሬ በልቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፍ።

ዓሣ «በቃኝ» ማለት አይችልም። እኛ እንበልለት!