ተልባ፣ ጀሶና የፓሬኻ ፊት

የሰው ፊት በዘይት ቀለም መሳል የሚጀምር ሁሉ ስለ ብሩሽ ይጨነቃል። እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ሳሪስ ላይ፣ ከብሩሹ በፊት የሚያስጨንቀው አቧራ ነው። ከደብረ ዘይት መንገድ የሚነሳው ትቢያ ባልደረቀ ሥዕል ላይ ካረፈ ወዲያ አይለቅም፤ ስለዚህ መስኮቴን ዘግቼ እሠራለሁ።

ዘይቱ እንኳ እንግዳ አይደለም፤ ተልባ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ስሱ ቅብ እንኳ ቀናት ይፈልጋል። ለተማሪ ይህ መዘግየት በረከት ነው፦ ማታ የጠመመውን አፍንጫ ጠዋት በጨርቅ ጠርጎ እንደገና መጀመር ይችላል። ሸራው ከተወደደ አቡጀዲ በሙጫ ተቀብቶ ጀሶ በስሱ ይለብሳል። (እንጀራ ውስጥ ተገኘ ተብሎ ያስጮኸን ጀሶ፣ ስሙ የጣሊያን ሠዓሊዎች ሰሌዳ የሚያለብሱትን ነገር የሚጠሩበት ያው ቃል ነው።)

የምገለብጠው የስፔኑ ዲዬጎ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የሣለውን ሁዋን ደ ፓሬኻን ነው። ፓሬኻ አፍሪካዊ ዘር ያለበት፣ የሠዓሊው ባሪያና የሥራ ረዳት ነበር። ቬላስኬዝ የሮሙን ጳጳስ ኢኖሰንት 10ኛን ከመሳሉ በፊት እጁን ያፍታታው የፓሬኻን ፊት በመሳል እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ዓመት ኅዳር የነፃነት ወረቀቱን ፈረመለት፤ ግን ከአራት ዓመት በኋላ እንዲጸና አድርጎ። ፓሬኻ ኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1661 የሣለው «የማቴዎስ መጠራት» ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ይገኛል። ቬላስኬዝ የሣለው የእሱ መልክ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ሎንዶን ላይ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጦ፣ አሁን ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

የመረጥኩት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሥዕል መማሪያዎች የሚያሳዩት በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ነው፤ የእኛን መልክ የሚስል ሰው ቡናማ ቀለም ከቱቦ ጨምቆ ፊቱን ሁሉ ይለቀልቃል፤ የወጣው ፊት ሸክላ ይመስላል። ፓሬኻ ላይ እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ በከሰል መልኩን፣ ቀጥሎ በቀጭን ቡናማ የአፈር ቀለም ጥላውን ብቻ አስቀምጣለሁ። ጥላው እስከ መጨረሻው ስስ ሆኖ ይቆያል፤ የሚወፍረው ብርሃኑ ነው። ግንባሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ነጩን ብቻ ስቀባ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ነጩ ላይ ጥቂት ቀይ አፈርና ቢጫ ሲገባ ቆዳው ተነፈሰ። የአንገቱን ዳንቴል አንድ በአንድ ልቆጥረው ሞክሬ ነበር፤ ቬላስኬዝ ግን በጥቂት የብሩሽ ምት ጨርሶታል። መገልበጥ የሚያስተምረው የት መተው እንዳለበትም ነው።

መኮረጅ ነው የሚሉኝ አሉ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የተማሩት ግን ከቀደመው እየገለበጡ ነው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች የተወሰደው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ራሱ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ስንት ጊዜ ገልብጠውታል፤ በገለበጡትም ቁጥር የእሾህ አክሊል የደፋው ፊት ወደ እኛ መልክ እየቀረበ ሄዷል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን እጅ የተዉ ሰው አልነበሩም።

ባለፈው ቅዳሜ አከራዬ ቡና ጠጣ ሊሉኝ ብቅ አሉ። ሥዕሉ ፊት ቆመው ዝም አሉ።

«ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

«የድሮ ሰው ነው፣ እማማ። ባሪያ ነበር፤ ኋላ ሠዓሊ ሆነ።»

«እንዴት ያለ ነው! ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ ጻድቅ ነው» አሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ኃጥኡ ነው። ከዚያ ጠጋ ብለው ዳንቴሉን አዩና፣ «ነጠላውን ግን አልጨረስክለትም፣ ልጄ» አሉኝ።