ከጌጥ ተክል ጋራ የመጣች የእሳት ራት

ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ እየዞረች የምትቃጠለውን ትንሽ ፍጥረት አባቶቻችን «የእሳት ራት» ብለው ሰይመዋታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማወሳት ግን ለእሳት ራት መሆንዋ ቀርቶ ራሷ ደን የበላች ናት።

ይህች የእሳት ራት በሳይንስ ስሟ ሲዳሊማ ፐርስፔክታሊስ ትባላለች። የትውልድ አገሯ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ነው። ክንፎቿ ሲዘረጉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ነጭ ሆነው ዳር ዳራቸው ቡናማ ስለ ሆነ ለዓይን ደስ ይላሉ። ጥፋቱን የሚያደርሱት ግን ልጆቿ፣ አረንጓዴዎቹ ትሎች ናቸው። እናቲቱ ዕንቁላሏን ቡክሰስ በሚባለው ዛፍ ቅጠል ጀርባ ትጥላለች። ትሎቹ እንደ ተፈለፈሉ ቅጠሉን ይበላሉ፤ ቅጠሉ ሲያልቅባቸው የግንዱን ቅርፊት ይግጣሉ። ቅርፊቱ የተጋጠ ዛፍም ምግቡ ስለሚቋረጥበት ይደርቃል።

ቡክሰስ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ስለማይረግፍ አውሮፓውያን ለአትክልት ቦታቸው አጥርና ጌጥ ያደርጉታል፤ ችግኙም ከአገር ወደ አገር ይሸጣል። የእሳት ራቷም በዚሁ የችግኝ ንግድ አማካይነት አውሮፓ ገብታ በ2007 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተገኘች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተባይ ካገሩ ሲወጣ፣ እርሱን እያደኑ ቍጥሩን የሚቀንሱለትን ጠላቶች ትቶ ይወጣል። በአዲሱ አገር ያለ ልክ የሚበዛው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በጥቁር ባሕር ዳርቻ የደረሰው ነው። የሩሲያ ከተማ ሶቺ በ2014 ለተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ፣ ለማስጌጫ የሚሆን የቡክሰስ ችግኝ በ2012 ከኢጣልያ መጣላት። ከችግኙም ጋራ ትሉ ገባ። በዚያው አቅራቢያ፣ ኾስታ በሚባለው ስፍራ፣ 300 ሄክታር ያህል የሚሆን ጥንታዊ ጥብቅ ደን አለ። በውስጡ የነበረው ቡክሰስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል አለቀ። ጨዋታው የቆየው 17 ቀን ነው፤ ቡክሰስ ግን እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለ ሆነ የጠፋው ደን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

በ2014 ደግሞ ትሉ በጎረቤት አገር በጆርጂያ ታየ። እኛ በሆሳዕና ዕለት ዘንባባ እንደምንይዝ ሁሉ ጆርጂያውያን የቡክሰስ ቅርንጫፍ ይይዛሉ፤ የበዓሉም ስም በቋንቋቸው ከዚሁ ዛፍ ስም የወጣ ነው። ስለዚህ ለእነርሱ የዛፉ መጥፋት የበዓላቸው ጕዳት ጭምር ነው።

ውድ ጓደኞቼና ወላጆቻችን ሆይ! ለግቢያችን ችግኝ ስንገዛ የአበባውን ማማር ብቻ አይተን አንመለስ፤ ቅጠሉን ገልብጠን ጀርባውን እንመርምር። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችንም ያልተመረመረ ችግኝ በሻንጣ ይዘው እንዳይገቡ አስቀድመን እንንገራቸው። ዕንቁላሉን በቅጠል ላይ ሳለ ማስወገድ ቀላል ነው፤ ደን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሶቺ ሰዎችም አልቻሉትም።