የወደቀ ሁሉ አልተሸነፈም

በአገራችን ትግል ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ጀርባው መሬት የነካው ተሸንፏል፤ ጣዩ ይነሣል፣ ወዳቂው አቧራውን ያራግፋል፣ ሌላ ጥንድ ይገባል። በቦክስም የወደቀ ይቆጠርበታል፤ እስከ ዐሥር ካልቆመ አለቀለት። ዓይናችን በእነዚህ በሁለቱ የተገራ ስለሆነ ኤምኤምኤ የሚባለውን ቅይጥ ማርሻል አርት ስናይ፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ ሲጫነው «በቃ፣ ጣለው» ብለን እንፈርዳለን። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወለል ላይ ተቆላልፈው የሚያሳልፉት ደቂቃ ትርፍ ይመስለናል። ላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ የሚካሄደው ዋና ፍልሚያ እኛ ዘንድ እሑድ ንጋት ላይ ነው የሚደርሰው። በዚያ ሰዓት ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ስናይ የማይቀር አንድ ጩኸት አለ፦ «ምን ያስተቃቅፋቸዋል? ዳኛው አያስነሳቸውም እንዴ?» ይህን ያስጻፈኝ ያ ጩኸት ነው። ሰው የሚሰለችበት ያ ደቂቃ የስፖርቱ ረቂቅ ክፍል ነው፤ ብዙዎቻችንም ሳናየው እያለፈን ነው።

መሠረታዊውን ነገር ባጭሩ ላንሣ። ተፋላሚዎቹ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በአጥር የተከበበ መድረክ ውስጥ ይገባሉ። ጓንታቸው ቀጭን ነው፤ ለመያዝ እንዲመች ጣቶችን ነጻ ይተዋል። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ ተራው ግጥሚያ ሦስት ዙር፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶው ግጥሚያ አምስት ዙር ይሄዳል። አንዱ ተመትቶ ራሱን ከሳተ፣ ዳኛው ካስቆመው ወይም ተፋላሚው ራሱ እጅ ከሰጠ ያልቃል፤ ካልሆነ ሦስት ዳኞች በነጥብ ይለያሉ። ሕግ የለውም የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። አሜሪካዊው ሴናተር ጆን ማኬይን ከአውራ ዶሮ ፍልሚያ ጋር እያመሳሰሉ ለ50ዎቹም ግዛቶች ገዥዎች «ከልክሉት» ብለው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ወጥ ደንብ ወጥቶለታል። ዓይን መጠንቆል፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ብልት መምታት፣ ወለል ላይ ያለን ሰው ጭንቅላቱን በእግር መምታት ክልክል ነው።

አሁን ወደ ወለሉ እንውረድ።

ዩኤፍሲ የሚባለው የኤምኤምኤ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ኖቬምበር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ቦክሰኛ፣ ካራቴ ተጫዋች፣ የሱሞ ታጋይ፣ ኪክ ቦክሰኛ በአንድ መድረክ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? ከስምንቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ሮይስ ግሬሲ የሚባል ብራዚላዊ ነበር፤ ነጭ የጂጂትሱ (በመያዝና በማነቅ የሚታገሉበት ጥበብ) ልብስ የለበሰ፣ 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ወጣት። በዚያች ሌሊት ሦስት ሰው አሸነፈ። የሦስቱ ፍልሚያ ጊዜ ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ማንንም በቡጢ አልዘረረም፤ እየጎተተ ወደ ወለል አወረዳቸው፣ እዚያ እጅ ሰጡት። የመጀመሪያው፣ ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን፣ በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አድርጎ ነው የገባው። ግሬሲ ደረቱ ላይ ሲወጣበት ገና ሳይታነቅ፣ ክንዱም ሳይጠመዘዝ ወለሉን መታ መታ አድርጎ ተሸነፍኩ አለ። ከዚያ መውጫ እንደማያውቅ ስለገባው ነው።

ይህ የጂጂትሱን ጉልበት አሳየ። ይሁንና በዚያ ምሽት ግሬሲ አብዛኛውን ጊዜ ላይ ወይም ከጀርባ ስለነበር «የጣለ አሸነፈ» የሚለውን እምነታችንን አልነካውም። እምነቱን ያፈረሰው በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ በአራተኛው ውድድር የተካሄደው ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚው ዳን ሴቨርን የነጻ ትግል ሰው ነበር፤ ከግሬሲ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይበልጠዋል። ግሬሲን ያዘ፣ ጣለ፣ ተጫነው። ከ15 ደቂቃ በላይ ያ ቀጭን ሰው በዚያ ክብደት ስር ጀርባው ላይ ተኝቶ ቆየ። በእኛ ትግል ሕግ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ያለቀለት ነገር ነው። ግሬሲ ግን እግሮቹን ቀስ እያለ ወደ ላይ አሻግሮ የሴቨርንን አንገትና አንድ ክንድ በጭኖቹ መካከል ቆለፈ። ሴቨርን ከላይ እንደሆነ ታነቀ፤ እጅም ሰጠ። ውድድሩ ከተመደበለት የስርጭት ሰዓት አልፎ ስለነበር ብዙ ተመልካች ቤት ምስሉ የተቋረጠው ከዚህ በፊት ነው። ገንዘብ ከፍለው ሲያዩ ያመሹ ሰዎች ቴሌቪዥኑ የጠፋባቸው ተሸናፊ የመሰላቸው ሰው ከታች እንደተኛ ነበር።

ምሥጢሩ እግር ላይ ነው። ከታች ያለው ሰው እግሮቹን በላይኛው ወገብ ዙሪያ ካሰረ ርቀቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ላይኛው ቀና ብሎ በሙሉ ጉልበቱ መምታት ሲፈልግ ይጎትተዋል፤ ሲጠጋው በእግሩ ይገፋዋል፤ እጁን አላግባብ ሲዘረጋ ክንዱን ይይዝና ክርኑን ወደማይታጠፍበት ወገን ያጥፈዋል። አደጋው የሚመጣው ላይኛው እግሮቹን አልፎ ጎን ላይ ወይም ደረት ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሲወድቁ «ማን ላይ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የታችኛው እግሮች የት እንዳሉ እዩ። በሁለቱ አካል መካከል ካሉ ጦርነቱ ገና ነው፤ ከታለፉ ቶሎ መመለስ አለባቸው። ሰዎቹ ሳይንቀሳቀሱ የቀሩ በሚመስሉበት ጊዜ እንኳ የሚሠራው ይህ ነው፦ አንዱ ጉልበቱን ለማስገባት፣ ሌላው ያችን ጉልበት ለማስወጣት። ስንዝር የማትሞላ ቦታ ናት፤ ፍልሚያውን ግን የምትወስነው እሷ ናት።

በኋለኛው ዘመን ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምስክር በኦገስት 2010 ኦክላንድ ውስጥ አንደርሰን ሲልቫ ከቼል ሶነን ጋር ያደረገው ፍልሚያ ነው። ሲልቫ በዚያን ጊዜ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፤ በዩኤፍሲ የረታው ሰው አልነበረም። ሶነን በየዙሩ ወለል ላይ ተጫነው፤ በጠቅላላው ከ300 በላይ ምት አሳረፈበት። አራት ዙር ሙሉ፣ አምስተኛውም እየተጋመሰ። በነጥብ ቢሆን ያለቀ ነገር ነበር። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ሲልቫ ከታች ሆኖ የሶነንን ክንድ ያዘ፣ እግሩን በአንገቱ ላይ አሳለፈ፣ ቆለፈ። ሶነን ለማምለጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ እጅ ሰጠ። ቀበቶው ከሲልቫ ወገብ አልወረደም። ያን ፍልሚያ ሦስተኛው ዙር ላይ «ተሸንፏል» ብሎ የተኛ ሰው በዚህ ስፖርት ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ገልባጭ ድሎች አንዱ አምልጦታል።

ስለ ማነቅ ጥቂት ልቆይ። ከሁሉ በላይ በስህተት የሚነገርለት እሱ ነው። ብዙ ሰው ተፋላሚ ሲታነቅ ትንፋሽ አጥቶ የሚሸነፍ ይመስለዋል። አይደለም። በደንብ የተሠራ ማነቂያ የአየር ቧንቧውን አይነካም ማለት ይቻላል። ከጀርባ የሚደረገውን ውሰዱ፦ የአናቂው ክርን እጥፋት ልክ በአገጭ ስር ይገባል፤ የክንዱ ጡንቻ በአንድ ወገን፣ የታችኛው ክንዱ በሌላው ወገን የአንገትን ጎንና ጎን ይጫናል። ጉሮሮ ያለው እጥፋቱ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ አየር ይገባል። የሚዘጋው በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ትልልቅ የደም ሥሮች ናቸው። እነሱ በደንብ ከተጫኑ ሰው ዐሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጡንቻ፣ ጥጋብ፣ ወኔ እዚህ ላይ አይሠሩም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አንድ የጂጂትሱ ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር፤ ከእኔ በብዙ ኪሎ የሚያንስ፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ አሠልጣኝ «እስቲ ልይህ» ብሎ ከጀርባዬ ተቀመጠ። ጉሮሮዬ አልታመመም። ትንፋሼም አልተቋረጠም፤ እተነፍስ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ግን የክፍሉ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ፣ የማየው ነገር ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ መጣ። ክንዱን መታ መታ አደረግሁ፤ ወዲያው ለቀቀኝ። ለስላሳ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ልስላሴው ነው።

ስለዚህ ከጀርባ ማነቅ ሲጀመር አንገቱን ብቻ አትመልከቱ፤ ትግሉ ያለው እጆች ላይ ነው። የሚታነቀው ሰው በሁለት እጁ የአናቂውን አንድ እጅ ለመያዝ ይታገላል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ይቀብራል። አናቂው ደግሞ ሁለተኛ እጁን ከተጋጣሚው ጭንቅላት ኋላ ይደብቃል፤ እዚያ ከደረሰች በኋላ ይዞ የሚያወርዳት የለም። ያች እጅ ከጭንቅላት ኋላ ስትገባ ካያችሁ ፍልሚያው ለማለቅ የቀረው ሰከንዶች ብቻ መሆኑን ከአስተዋዋቂው ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የዳጌስታኑ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ 29 ጊዜ ተጋጥሞ አንዴም ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። እግር ያስራል፣ የእጅ አንጓ ይይዛል፣ ተጋጣሚው የሚደገፍበትን ሁሉ አንድ በአንድ ይነጥቀዋል። በኦክቶበር 2020 አቡ ዳቢ ላይ በመጨረሻ ፍልሚያው ጀስቲን ጌይጂን በእግሮቹ አንቆ ራሱን አሳተው።

እዚህ ላይ ወጣቶችን መገሠጽ አለብኝ። ፍልሚያ አይታችሁ ስትወጡ ጓደኛችሁን በጨዋታ ማነቅ ተዉ። መድረኩ ላይ እጅ መስጠትን የሚያይ ዳኛ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ አለ፣ ሐኪምም ከአጥሩ ውጭ ተቀምጧል። ሰፈር ውስጥ ሁለቱም የሉም። ደም ከአንጎል የራቀበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰከንድ አደጋ ነው። መማር የፈለገ አሠልጣኝ ይፈልግ፤ የመጀመሪያው ትምህርትም መታ መታ ሲደረግ ወዲያው መልቀቅ ነው።

«ዳኛው ያስነሳቸው» ለምትሉም መልሱ በደንቡ አለ። ሁለቱም ምንም ካልሠሩ ዳኛው አስጠንቅቆ ያስነሳቸዋል። ይዞ ብቻ የሚተኛ ተፋላሚ አለ፤ እሱን እኔም አልወደውም። ነጥብ ሰጪዎቹም ቢሆኑ አስቀድመው የሚመዝኑት ጉዳት ያደረሰ ምትንና ለማሸነፍ ያቀረበ ሙከራን ነው፤ ላይ ሆኖ መቆየት ብቻውን ዙር ያስገኛል ብሎ ማሰብ የተመልካች ስህተት ነው።

አሁን የፍራንሲስ ንጋኑን ነገር ልንገራችሁ፤ ከአህጉራችን የወጣ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወለሉን መማር ምን እንደሚለውጥ ስለሚያሳይም ነው። ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ በምትባል ቦታ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ አሸዋ እየዛቀ ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰሐራን አቋርጦ ሞሮኮ ገባ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ስፔን፣ ቀጥሎ ፓሪስ፤ እዚያም መጀመሪያ ላይ ቤት አልነበረውም። ቦክሰኛ ለመሆን ነበር ሕልሙ፤ ኤምኤምኤን ያገኘው ፓሪስ ነው። ቡጢው ዓለምን አስደነገጠ። ነገር ግን በጃንዋሪ 2018 ቦስተን ላይ ለከባድ ሚዛን ቀበቶ ሲጋጠም ስቲፔ ሚዮቺች አምስቱንም ዙር እየጣለ፣ አጥሩ ላይ እያጣበቀ፣ እያደከመ በነጥብ አሸነፈው። ያ ሁሉ ጉልበት ወለል ላይ ምንም አልጠቀመውም።

በማርች 2021 ሁለቱ ዳግም ተገናኙ። ሚዮቺች ሊጥለው እግሩን ሲይዝ ንጋኑ ወገቡን ወደኋላ ጥሎ ከላዩ ተኛበት፤ ይህን በ2018 አያውቀውም ነበር። በሁለተኛው ዙር በቡጢ ዘርሮት ቀበቶውን ወሰደ። ዜናው ሁሉ ስለ ቡጢው ነበር።

ቀጥሎ በጃንዋሪ 2022 አናሃይም ላይ ከሲሪል ጋን ጋር ተጋጠመ። ጋን ፓሪስ ውስጥ የቀድሞ የልምምድ ጓደኛው ነው፤ ፈጣን፣ ብልህ፣ ከርቀት የሚመታ። ንጋኑ ከፍልሚያው በፊት ጉልበቱ ላይ የጅማት ጉዳት ደርሶበት ነበር። ሁለቱ የመጀመሪያ ዙሮች የጋን ይመስሉ ነበር። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግን የዓለማችን ከባድ ቡጢ ባለቤት ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ጋንን አንሥቶ ጣለው። አራተኛውም ላይ ደገመው። አምስተኛው ዙር ላይ ጋን በተራው ንጋኑን ጥሎ ላይ ሆነ፤ እዚያ ቢቆይ ኖሮ ቀበቶው የሱ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን የንጋኑን እግር ለመጠምዘዝ ሲል ቦታውን ለቀቀ። ንጋኑ ከጥምዘዛው አመለጠ፣ ተገለበጠ፣ ላይ ወጣ፣ እስከ ደወሉ ድረስ ያዘው። ነጥቡ 48 ለ 47፣ 48 ለ 47፣ 49 ለ 46 ሆነ፤ በሦስቱም ዳኞች ንጋኑ።

ያን ምሽት ብዙ ሰው «ንጋኑ አሰልቺ ሆነ» ብሏል። ለእኔ የሕይወቱ ትልቁ ፍልሚያ እሱ ነው። አንድ የኤምኤምኤ ፍልሚያ ብቻ ለማየት ጊዜ ያላችሁ ያንን እዩ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲወድቁም አታሳልፉት፣ የታችኛውን እግሮች ተከታተሉ።