የሴራሚክ ልባጥ ያለው የጢም ምላጭ፤ ነጋዴ ከማዘዙ በፊት ሊመረምረው የሚገባ

ባለእጀታው የጢም ምላጭ ከፋብሪካ ተነሥቶ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ ዋነኛ ጠላቱ ዝገት ነው። የቀድሞው ዓይነት ምላጭ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ካርቦን ካለበት አረብ ብረት ስለሚሠራ እጅግ ይሳላል፤ ነገር ግን የባሕር አየር ጨውና እርጥበት ያገኘው እንደሆነ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ «በሴራሚክ የተለበጠ፣ ከቶ የማይዝግ» ተብሎ የሚቀርበው ምላጭ የነጋዴውን ዓይን ይስባል። ሆኖም ነገሩን ሳይመረምሩ ማዘዝ ገንዘብንም ስምንም ይጎዳል።

ስሙ አንድ ቢሆንም ልባጡ ሦስት ዓይነት ነው።

1ኛ/ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነው። ቲታኒየም ከናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ በምላጩ ላይ ያርፋል፤ መልኩም ወርቅ ይመስላል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ ሲሆን፣ ጥንካሬው ከአረብ ብረት ይበልጣል።

2ኛ/ የሴራሚክ ዱቄት የተቀላቀለበት ቀለም መሰል ነገር ተረጭቶ በምድጃ የሚደርቀው ነው። ይህ ከፊተኛው ይወፍራል።

3ኛ/ የመኪና ቀለም ለመጠበቅ የሚቀባው፣ መሠረቱ ሲሊካ የሆነ ፈሳሽ ነው። ውሃን ያንሸራትታል፤ ነገር ግን መታሸትና መጠረግ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይለቃል።

ሦስቱም የምላጩን ገላ ለመጠበቅ ይረዳሉ። ስለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምላጩ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ በአንድነት በድንጋዩ ላይ ተጋድመው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ድንጋዩ የነካው ልባጥ ይገፈፋል። ጠጉር አስተካካዩ በየጊዜው የሚስለው ምላጭ አፉ ባዶ አረብ ብረት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ቀጭኑም ልባጥ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስለሚኖሩት እርጥበት ሊያሳልፍ ይችላል። እንግዲህ «ከቶ የማይዝግ» የሚለው ቃል እውነት አይደለም፤ የተለበጠውም ምላጭ ከሥራ በኋላ መድረቅና በዘይት መታሸት አለበት።

ሁለተኛው አደጋ ሙቀት ነው። የካርቦን አረብ ብረት ምላጭ በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ እንደገና ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ ተገቢውን ጥንካሬ ያገኛል። ከዚያ በላይ ቢሞቅ ይለዝባል። የቲታኒየሙ ልባጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይሠራል። ሙቀቱ ከአረብ ብረቱ ዓይነት ጋር ካልተስማማ፣ ምላጩ ውጭው እየወረቀ አፉ ቶሎ የሚደነዝዝ ይሆናል። ገዢውም የሚመልሰው ለፋብሪካው ሳይሆን ለባለሱቁ ነው።

ልባጥ ከሥሩ ያለውን ብረት ይሸፍናል እንጂ አያሻሽልም። ስለዚህ የሥራው ቦታ መታወቅ ይገባዋል። በጀርመን አገር የዞሊንገን ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ዋና ዋናው ሥራ በዚያ አካባቢ ካልተፈጸመ ስሙን በምላጭ ላይ ማተም ክልክል ነው።

አስመጪው በማዘዣ ደብዳቤው አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል፤ ይኸውም የልባጡን ዓይነት፣ የተሠራበትን የሙቀት ልክ፣ የአረብ ብረቱን ዓይነት፣ ስለቱም ከልባጡ በኋላ የተሳለ መሆኑን ነው። ብዙ ከማዘዙም አስቀድሞ ጥቂት ናሙና አስመጥቶ ለአንድ ልምድ ላለው ጠጉር አስተካካይ ቢሰጥና ደጋግሞ እንዲስለው ቢያደርግ፣ የምላጩን ዋጋ ከማስታወቂያው ይልቅ ድንጋዩ ይነግረዋል።