ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ድንጋይ ከየት መጣ?

ደሴ አጠገብ ካለችው ኩታበር ወርዶ ድሬዳዋ የከተመ ሰው መጀመሪያ የሚፈትነው ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ሳሙናው። አገሩ እያለ አንዴ አሸት ሲያደርገው አረፋ ይሰጠው የነበረው ሳሙና፣ ድሬ ላይ ግማሹ አልቆም አረፋ አይወጣውም። የታጠበው ብርጭቆ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። ማንቆርቆሪያው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሆዱ በነጭ ቅርፊት ይለበጣል። እንግዳው "ውሃው ቆሽሿል" ይላል። ቅርፊቱ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ የተራራው ድንጋይ ነው።

የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ተራራ እሳተ ገሞራ ተፍቶት የረጋ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ባዛልት በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ማዕድን አይሸከምም። ድሬዳዋ ዙሪያ ግን የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የተተከለውም ሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃው ይኸው ድንጋይ ስለሆነ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ደግሞ በዚህ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአየሩ፣ ይበልጡን ደግሞ ሥሮችና ነፍሳት ከሚተነፍሱበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። ይህ ጋዝ ውሃውን ትንሽ አሲዳማ ያደርገዋል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ለአሲድ አይጸናም። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያህል ነገር ሊቦረቡር የቻለው ድንጋዩ ይኸው ስለሆነ ነው። የሟሟው ካልሲየም፣ አንዳንዴም ማግኒዚየም፣ ዓይን ሳያየው ከውሃው ጋር ቧንቧ ድረስ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ውሃ ጠጣር ውሃ ይሉታል። ውሃው ምድጃ ላይ ሲጣድ፣ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ጋዙ ያመልጣል። ጋዙ ከሄደ ካልሲየሙ ሟሙቶ መቆየት አይችልም፤ መልሶ ድንጋይ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል።

መጠኑን በጀሪካን እናስላው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጠጣርነት የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ድንጋይ ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን 6 ግራም ይይዛል ማለት ነው። በቀን ሁለት ጀሪካን የሚጠቀም ቤት በዓመት ከ4 ኪሎ በላይ የሟሟ ድንጋይ በእጁ ያልፋል። አብዛኛው ከእጣቢው ጋር ቢፈስም የቀረው ቧንቧ ያጠብባል፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፍናል። የቦይለርን ማሞቂያ ሲሸፍነው ደግሞ ሙቀቱ ወደ ውሃው በደንብ ስለማይተላለፍ መብራት ይበላል፤ በመጨረሻም ማሞቂያው ራሱ ይቃጠላል።

ጠጣር ውሃ ሳሙናን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ካልሲየም ከሳሙናው ስብ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ የመታጠቢያ ሳፋ ዳር የሚቀረው ግራጫ ነገር እሱ ነው። አረፋ የሚመጣው ካልሲየሙ በሙሉ ሳሙና በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ለልብስ ከደረቅ ሳሙና ይልቅ የዱቄት ወይም የፈሳሽ ሳሙና ያዋጣል፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ካልሲየም በቀላሉ ከማያሸንፈው ነገር ነው። ንፍሮም ይቸገራል። ካልሲየም የባቄላውንና የሽምብራውን ልጣጭ ስለሚያጠነክር ማገዶ ይፈጃል። አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ዝቃጩን አስቀርተው በጠለለው ውሃ ቢነክሩና ቢቀቅሉ ይሻላል።

ማፍላት የሚሠራው ግን ጠጣርነቱ ከኖራ ድንጋይ ሲመጣ ነው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል አባይ ሸለቆ ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት፣ ጂፕሰም የተባለ ማዕድን የሟሟበት ውሃ ቢንተከተክም ያንን ካልሲየም አይለቅም። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ድንጋይ አያወጣም።

ቅርፊቱን በቢላ መፋቅ ዕቃ ማበላሸት ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ ጨምሮ ማሞቅና አንድ ሰዓት መተው ይበቃል። ሲፍለቀለቅ የሚታየው ድንጋዩ የያዘው ጋዝ ሲወጣ ነው። ከዚያ ሁለቴ አለቅልቆ፣ አንድ ጊዜ ውሃ አፍልቶ መድፋት። ለሻወሩ አቼቶ በፌስታል ሞልቶ ራሱ ላይ አስሮ ማሳደር። አደራ፣ አቼቶና በረኪና አንድ ላይ አይግቡ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ይወጣቸዋል።

ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቀው የኩላሊት ጠጠር ነው። ማንቆርቆሪያው እንዲህ ከሆነ ኩላሊቴማ ምን ይሆን? ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ግን ኩላሊት ውስጥ ውሃ አይፈላም። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ የማንቆርቆሪያው ካልሲየም ካርቦኔት። ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም እንዲያውም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጠጣርነት ለጤና ሲባል ያስቀመጠው ገደብ የለም። በሞቃት አገር ለጠጠር ይበልጥ የሚያጋልጠው ላብ እየፈሰሰ ውሃ አለመጠጣት ነው፤ ሽንት ሲወፍር ጠጠር ይረጋል። ውሃውን ፈርቶ ጥማቱን የሚችል ሰው የሸሸውን ነገር ወደ ራሱ እየጠራ ነው። ሽንቱ ነጣ እስኪል ይጠጣ። ጠጠር ኖሮበት የሚያውቅ ወይም ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ።